ገማቹ ማን ነበሩ?

የልጅ ልጄ ባለፈው ወር ከባሕር ዳር ለእረፍት ስትመጣ እንደ ወትሮው ከበር ጀምራ «እምዬ!» ብላ አልተጣራችም። ቦርሳዋን አስቀመጠች፣ ጉንጬን ሳመችኝ፣ በርጩማ ስባ ከምድጃው አጠገብ ተቀመጠች። አቦሉ ተጠጣ፣ ዝም። ቶናው ተቀዳ፣ አሁንም ዝም። እኔ ሠላሳ አምስት ዓመት ያስተማርኩ ሴት ነኝ፤ የልጅ ዝምታ ዓይነቱ አይጠፋኝም። የፈተና ዝምታ አለ፣ የገንዘብ ዝምታ አለ፣ የወንድ ዝምታ አለ። ይኼኛው ከሦስቱም አልነበረም።

ይህችን ልጅ የዚህ ዓምድ ደንበኞች ታውቋታላችሁ። «ታሪክ ነው የምማረው» ብላ አባቷን ሁለት ወር ያስኮረፈችው ናት። ልጄ የሒሳብ ሠራተኛ ስለሆነ እሷም የእሱን ሙያ እንድትይዝለት ይፈልግ ነበር። «ታሪክ ተምራ ማን ይቀጥራታል?» ሲል ያኔ አልተቆጣሁትም፤ ዛሬም አልቆጣውም። ልጁን የሚወድ ወላጅ መጀመሪያ የሚያስበው ስለ እንጀራዋ ነው። ኩርፊያውን ያባሰው ግን ሌላ ነገር ነበር። በዚህ ሴሚስተር የምትማረው ስለ አብዮቶች መሆኑን በስልክ ስትነግረን እሱም እኔም ደንገጥ አልን።

የእኔ ዘመን ሰዎች ለምን እንደደነገጥኩ አይጠይቁኝም። ቃሉ ከግዕዙ «አበየ» የመጣ ነው፤ እምቢ አለ ማለት ነው። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም ግን ያ ቃል ቤት ያፈረሰ ቃል ነበር። በቀይ ሽብር ጊዜ እናቶች የልጆቻቸውን መጻሕፍት በሌሊት ጓሮ ቆፍረው ይቀብሩ ነበር። እኔም ቀብሬያለሁ። ስለዚህ አንዲት የሃያ ዓመት ልጅ «አብዮት እያጠናሁ ነው» ስትል እኔን መጀመሪያ የሚታየኝ የተቆፈረ ጓሮ ነው።

እሷ ግን ሌላ ነገር ነው የምታወራው። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1789፣ ሩስያ በ1917፣ ቻይና በ1949፣ የእኛው ደግሞ በ1966 ዓ.ም። መምህራቸው አመፅንና አብዮትን ለይተው እንዲያዩ ነው የሚያስተምራቸው። አመፅ አንድን ሹም ወይም አንድን ግብር እምቢ ይላል። አብዮት ሲሆን መሬቱ የማን ነው፣ ሥልጣኑ የማን ነው የሚለው ሁሉ ይገለበጣል። «እምዬ፣ በፈረንሳይ ገበሬዎች እኮ የባላባቱን ቤት ሰብረው ሲገቡ የሚያቃጥሉት መዝገቡን ነበር፤ ማን ስንት ግብር እንዳለበት የተጻፈበትን» አለችኝ አንድ ጊዜ። ያን ቀን መልስ አልሰጠኋትም። ለምን እንደሆነ በኋላ ይገባችኋል።

እኔ ደግሞ የማውቀውን ነገርኳት። የየካቲት 66 ነገር ሲነሣ ሁሉም ስለ ወታደሩና ስለ ተማሪው ያወራል፤ ስለ ወላጆች ብዙም አይወራም። ያኔ ደብረ ማርቆስ አሥረኛ ክፍል ነበርኩ። «ሴክተር ሪቪው» የሚባል የትምህርት ዕቅድ መጣ ተባለ። መምህራን የካቲት 11 ቀን ሥራ አቆሙ። ከእነሱ ጥያቄ አንዱ ይኼ ዕቅድ ይቅር የሚል ነበር። ወላጁ የሰማው ደግሞ «የድሃ ልጅ አራተኛ ክፍል ላይ ተቋርጦ ወደ እርሻው ይመለስ ተባለ» የሚለውን ነው። ፊደል ያልቆጠረችው፣ ጠላ ሸጣ የምታስተምረኝ አክስቴ ስለ መንግሥት ክፉ ስትናገር የሰማኋት ያን ሳምንት ነው። ከዚያ በፊት «ጃንሆይ» ስትል እንኳ ነጠላዋን ታስተካክል ነበር። የልጅ ልጄ ይኼን ማስታወሻዋ ላይ ጻፈችው።

ወደ ዝምታዋ ልመለስ። በረካው ከተቀዳ በኋላ እንዲህ አለችኝ፦

«እምዬ፣ በ60 ዓ.ም በእናንተ አጥቢያ ገማቹ ማን ነበሩ?»

ስኒው ከእጄ አልወደቀም፤ እንዲህ ያለው በፊልም ነው። ግን አስቀመጥኩት።

ለወጣት ወላጆች ነገሩን ላስረዳ። በኅዳር 1960 ዓ.ም የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አዋጅ ወጣ። የቀድሞው አሥራት ቀርቶ ገበሬው እንደ ገቢው እንዲከፍል የሚያዝ ነበር፤ ብዙ ያለው ብዙ፣ ትንሽ ያለው ትንሽ። ወረቀት ላይ ሲያነቡት መልካም ነው። ልጅቱንም መጀመሪያ ግራ ያጋባት ይኼ ነበር። «አዋጁ ለድሃው የሚሻል ይመስላል፤ ታዲያ ገበሬው ለምን ተነሣ?» ትለኛለች።

እንደ ገቢው ለማስከፈል ገቢውን መገመት ያስፈልጋል። ለመገመት ደግሞ ማሳውን ማየትና መጻፍ ይመጣል። ጎጃም ውስጥ መሬት ርስት ነው። በአባትም በእናትም በኩል የሚወረስ፣ ከመጀመሪያው አቅኚ ትውልድ እየተቆጠረ የሚመጣ፣ ወረቀት የሌለው ነገር ነው። ማስረጃው የሽማግሌ አፍ ነው። ሕዝቡ ደግሞ ቀላድ የተጣለበት አገር ምን እንደሆነ ሰምቷል፤ መሬቱ ተለክቶ ከፊሉ የመንግሥት ሆኖ ቀረ። ስለዚህ ገማች መጣ ሲባል የተሰማው «ግብር ተሻሻለ» አይደለም፤ «ገመድ ይዘው መጡ» ነው። ከጣልያን በኋላም መሬት ይለካ ሲባል ጎጃም እምቢ ብሎ ያውቃል። የጠቅላይ ግዛቱ ገዥ የደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ አስተዳደር ደግሞ ሕዝቡን አማርሮት ነበር። ሞጣ ተነሣ፣ ቢቸና ተነሣ፣ ዳሞት ተነሣ። ጦር መጣ። አውሮፕላንም መጣ፤ መንደሮች ተደበደቡ። እኔ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። የማስታውሰው ድምፁንና ከብቶቹ በአንድ ጊዜ ሲበረግጉ ነው።

መጨረሻው ላይ መንግሥት አፈገፈገ። ደጃዝማች ፀሐዩ ተነሡ፣ የብዙ ዓመት ውዝፍ ግብር ተማረ፣ ገበሬውም ወደ እርሻው ተመለሰ። ዓላማው ንጉሡን ማውረድ አልነበረም። ገብሩ ታረቀ የሚባሉት የታሪክ ሊቅ የትግራይን፣ የባሌንና የጎጃምን የገበሬ አመፆች አንድ ላይ ያጠኑበት መጽሐፍ አላቸው። እ.ኤ.አ. በ1991 በእንግሊዝኛ የታተመ ነው፤ ልጅቱ ከቤተ መጻሕፍት ተውሳ ይዛው መጥታለች። የአባቴ አገር ስም እንዲህ ባለ ትልቅ መጽሐፍ ውስጥ ሰፍሮ ማየት፣ ልዋሽ አልችልም፣ ደስ አለኝ።

የቃል ታሪክ ጥናት ተሰጥቷቸው ነው እሷና ጓደኛዋ ሞጣ ድረስ የሄዱት። እዚያ አንድ ከሰማንያ ዓመት ያለፋቸው አዛውንት አገኙ። አዛውንቱም ሲያወሩ ሲያወሩ «የእኛ አጥቢያ ገማች ዳዊት ደጋሚው ሰው ነበር» አሉና ስሙን ጠሩ። ያ ስም በመታወቂያዬ ላይ ከስሜ ቀጥሎ የተጻፈው ነው።

እንግዲህ በቤታችን የሚወራው ሌላ መሆኑን ልናዘዝ። ሳሎናችን ግድግዳ ላይ አባቴ ምንሽር ይዘው የተነሡት ፎቶግራፍ አለ። ልጆቼን ሳሳድግ «አያታችሁ በ60 ከአርበኞቹ ጋር ነበሩ» እላቸው ነበር። ልጄም ለልጆቹ ይኼንኑ ነግሯል። ምንሽሩ የአጎቴ ነው። ፎቶውም ለሠርግ የተነሡት ነው። ውሸቱን አንድ ቀን ተቀምጬ አልፈጠርኩትም። አንድ ልጅ ፎቶውን አይቶ ጠየቀኝ፣ እኔም ዝም አልኩ፣ ዝምታዬን እሱ በራሱ ሞላው፣ እኔም አላረምኩትም። ከዚያ በኋላ እኔው ራሴ ማውራት ጀመርኩ።

እውነቱ ይኼ ነው። አባቴን ገማች አድርጎ የመረጣቸው ያው አጥቢያው ነው። ዳዊት ይደግማሉ፣ ይጽፋሉ። «ባዳ መጥቶ ከሚገምተን አንተ ትሻለናለህ» አሏቸው። እሳቸውም የራሳቸው ሰው ቢገምት ግምቱ ይቀላል ብለው አመኑ። ጥቂት ወራት ሳይቆይ ያው ሰዎች ገማች አገር እንዳይገባ፣ የገባበትም እንዲከዳው ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ተማማሉ። አባቴ ፈርመው ነበር። መንግሥትን ፈሩ፣ ጎረቤትንም ፈሩ፤ ሁለቱን ሲያመዛዝኑ ቀኑ አለፈባቸው።

ቅጣቱ ዱላ አልነበረም። «እሳት እንዳትጫጫሩ» ተባለ። ዛሬ ክብሪት ከሱቅ የሚገዛ ልጅ ይኼ ምን ማለት እንደሆነ አይገባውም። ያኔ እሳት ማታ በአመድ ይዳፈናል፤ ከጠፋ ጠዋት ገል ይዞ ጎረቤት መሄድ ነው። ለጤፍ አረም ደቦ የመጣልን ሰው የለም፤ እናቴና እኔ ብቻችንን ጎንበስ ብለን ዋልን። አንድ ጠዋት እሳታችን ጠፍቶ ተነሣን። ገል ይዤ ወደ ክርስትና እናቴ ቤት ተላክሁ። ወጣች፣ አየችኝ፣ በሩን መልሳ ዘጋችው። ከውስጥ ስታለቅስ ይሰማኛል። እዚያው ትንሽ ቆሜ ተመለስኩ።

መስከረም ሲጠባ አባቴ ደብረ ማርቆስ አክስቴ ዘንድ አመጡኝ። «እዚህ ተማሪ» ብለው ሄዱ። እስከዚያ ሞጣ አራተኛ ክፍል ደርሼ ነበር፤ እዚያ ብቀር በዓመቱ እንደ እኩዮቼ መዳሬ አይቀርም ነበር። አስተማሪ የሆንኩት፣ ይኼን ዓምድ የምጽፈው፣ በዚያ በተዘጋ በር ምክንያት ነው ብል ማጋነን አይሆንም። ይኼንንም ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

በዓመቱ ሽማግሌ ገብቶ ታረቁ። በግ ታረደ፣ ተበላ። አባቴ ግን ከዚያ ወዲያ ማንም ለምንም ቢመርጣቸው እሺ አላሉም። በ1967 የገበሬ ማኅበር ሲቋቋም «ጸሐፊ ሁንልን» ብለው ቢለምኗቸው ሦስት ቀን ታመምኩ ብለው ተኙ።

1967ን ካነሣሁ አይቀር፣ ልጅቱን ከሁሉ በላይ ያስገረማት ከሣጥኔ ያወጣሁላት ደብዳቤ ነው። በእድገት በኅብረት ዘመቻ ጊዜ አሥራ አንደኛ ክፍል ነበርኩና ሲዳሞ ዘምቻለሁ። የካቲት 25 የገጠር መሬት አዋጅ በራዲዮ ሲነገር እዚያው ነበርኩ። የእርሻውን እኩሌታ ለባለመሬት ሲገብር የኖረ ጭሰኛ ሌሊቱን ሙሉ ሲጨፍር አይቻለሁ። እንዲያ ያለ ደስታ ከዚያ በፊትም በኋላም አላየሁም። በማግስቱ ተቀምጬ «አባባ፣ መሬት ለአራሹ ሆነ!» ብዬ ጻፍኩላቸው። መልሱ ከሁለት ወር በኋላ ደረሰኝ። የጤናዬን ከጠየቁ በኋላ እንዲህ ይላል፦ «ልጄ ሆይ፣ እኛ አገር አራሹም ባለመሬቱም አንድ ሰው ነው። ከማን ወስደው ለማን ሊሰጡት ነው?»

ያኔ ተናደድኩባቸው። ዘማች ነኛ! «ኋላ ቀር» ብያቸዋለሁ፤ በልቤ ብቻ ነው፣ ተመስገን። ተማሪው በ1957 «መሬት ለአራሹ» ብሎ አዲስ አበባ አደባባይ ሲወጣ ያሰበው የደቡቡን ጭሰኛ ነው፤ ልክም ነበር። ርስት ያለው የጎጃም ገበሬ ግን በዚያው መፈክር ውስጥ የሰማው ሌላ ነገር ነው፤ እንደገና ገመድ። በዚያ ዓመት ጎጃም ውስጥ አዋጁን ተቃውመው የተነሡም ነበሩ። አንድ አዋጅ ነው፤ ሲዳሞ ያስጨፈረው እዚህ እንቅልፍ ነሣ። ልጅቱ ይኼን ስነግራት ወዲያው ቫንዴ የሚባል የፈረንሳይ ምዕራባዊ አገር አነሣችልኝ። እ.ኤ.አ. በ1793 አብዮታዊው መንግሥት ሦስት መቶ ሺህ ወታደር ይመልመል ሲል የዚያ አገር ገበሬዎች በአብዮቱ ላይ ራሱ ተነሡ፤ ደም እንደ ጎርፍ ፈሰሰ። «ፓሪስ ሆኖ ሲያዩት ከሃዲ ናቸው፤ መንደራቸው ሆኖ ሲያዩት ሌላ ነው» አለችኝ። ደብዳቤውን በስልኳ ፎቶ አነሣችው። «ቀዳሚ ምንጭ» ይባላል አሉ። እኔ ደግሞ አይጥ እንዳይበላው ብቻ ነበር የምሰጋው።

ማታ ልጄ ከሥራ ሲመጣ አብረን ነገርነው። ፎቶውን ቀና ብሎ አየና «ታዲያ አያቴ ባንዳ ነበሩ ማለት ነው?» አለ። ልጅቱ ተቆጣች፤ «አባዬ፣ የመረጣቸው ሕዝቡ ነው እኮ!» ክርክሩ እስከ እራት ቀጠለ። እራት ላይ ግን ልጄ በድንገት ማንኪያውን አስቀምጦ «ግምቱን በምን ነበር የሚያሰሉት? ማሳውን ሳይለኩ ምርቱን እንዴት አወቁ?» አለ። ሙያው ተቀሰቀሰ። በዓይን ነው፤ ይኼ ማሳ ይኼን ያህል ቁና ይወጣዋል እየተባለ። «ታዲያ ይኼ ለስንት በደል በር ይከፍታል!» ብሎ ከልጁ ጋር ወረቀት ላይ ሲደምሩና ሲቀንሱ አራት ሰዓት አለፈ። ታሪክ ማን ይቀጥራታል የሚለው ጥያቄ መልስ አላገኘም። ኩርፊያው ግን ያን ማታ አልነበረም።

እናንተም ዘንድ ልጅ ወይም የልጅ ልጅ ስልኩን ቀርጸት ላይ አድርጎ ሲመጣ አንድ ነገር ልምከራችሁ። እኛ ሽማግሌዎች ሲጠይቁን ወዲያው ምሳሌና ምክር መደርደር እንወዳለን። እነሱ የሚፈልጉት ያን አይደለም። በዓይናችሁ ያያችሁትን ከሰማችሁት ለዩላቸው። ዓመተ ምሕረቱ ቢጠፋችሁ በየትኛው በዓል ሰሞን፣ በአዝመራ ነው ወይስ በክረምት፣ ያኔ ማን ተወልዶ ነበር የሚለውን ንገሯቸው፤ ዓመቱን እነሱ ይደርሱበታል። የማትፈልጉትን ደግሞ «ይኼ ይቅር» ማለት መብታችሁ ነው፤ ልጅቱ ከመጀመሯ በፊት ይኼን አንብባልኛለች፣ አስፈርማኛለችም። መፈረም አያስደስተኝም ነበር፤ የማን ልጅ እንደሆንኩ ታውቃላችሁ።

ወረቀቷ ላይ የአባቴን ስም ልጻፍ ወይስ «አንድ ገማች» ልበል ብላ ጠየቀችኝ። ሁለት ቀን አሰብኩበት። አባቴ ካረፉ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል፤ ሊጠየቁ አይችሉም። በመጨረሻ «ቅድመ አያቴ ብለሽ ጻፊው» አልኳት። መምህሯ ተመራማሪ ከሚያጠናው ሰው ጋር ዝምድና ካለው መናገር አለበት ብሏቸው ስለነበር እሷም ተስማማች። ፎቶውን ከግድግዳው አላወረድኩትም። አሁን እንግዳ ሲጠይቅ «ምንሽሩ የአጎቴ ነው» እላለሁ።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። ልጅቱ መጀመሪያ ያልነገረችኝ፣ በማግስቱ ነው ያወጣችው። ያ የሞጣው አዛውንት የክርስትና እናቴ ልጅ ናቸው። ያኔ ጎረምሳ ነበሩ፤ ያን ጠዋት ከእናታቸው ጀርባ ቆመው አይተዋል። «ያቺ ገል ይዛ የመጣች ልጅ በሕይወት አለች?» ብለው ጠይቀዋታል። እናታቸው እስኪሞቱ ድረስ ስለዚያ በር ያነሡ እንደነበርም ነግረዋታል። የልጅ ልጄ ያን ቀን «አያቴ ናት» ለማለት ድፍረት አጥታ «አለች መሰለኝ» ብላ ተመለሰች።

ጾሙ ሲፈታ አብረን ልንሄድ ነው። ልጄ መኪና እፈልጋለሁ ብሏል፤ ካላገኘ በአውቶቡስ እንሄዳለን። አምስት ኪሎ ቡናና ስኳር ገዝቻለሁ። ትናንት ዘንቢሉን ሳዘጋጅ ልጅቱ መጥታ አየችና «እምዬ፣ ክብሪትም ጨምሪበት» ብላ ሳቀች። አፍሽን ያዢ አልኳት። ስትወጣ ግን ሁለት ፓኮ ከተትኩበት።